ቀዩ ብቅል

የምጽፈው ስለ ጠላ ነው። ወንድ ልጅ ስለ ጠላ ሲጽፍ መሳቅ ያማረው ካለ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ ከዚህ በታች ብዙ የሚያስቅ ነገር የለም። በገዛ እጄ በጠመቅኩት ጠላ አርባ ሰው ልፈጅ ነበር። ፈልጌ አይደለም። አላውቅም ነበር ብዬ ግን አልምልም፤ ተነግሮኝ ነበር። ይህችን «ተነግሮኝ ነበር» የምትል ቃል በወረቀት ላይ ለማስፈር ነው ይህን ሁሉ ዘመን የፈጀሁት።

ጊዜው ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት የነበረው የመጨረሻው አዝመራ ነው። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ የአንድ ግራዝማች ጭሰኛ ነበርኩ። አባቴም የአባታቸው ጭሰኛ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ጉልበት ነበረኝ፣ ምላስም ነበረኝ። ቤቴን ያፈረሰው ምላሴ ነው።

ሚስቴ እልፍነሽ የሲሬ ሰው ናት። በዚያ ዓመት በመስቀል ማግስት እንግዶች ቤቴ ተቀምጠው ጠላ ቀዳችልን። ስቀምሰው ኮምጠጥ ብሏል። ዝም ብዬ መጠጣት እችል ነበር። እኔ ግን ጣሳውን በደጅ ደፋሁትና፣

«ይኼ ጠላ ነው ወይስ የበግ ሽንት?» አልኩ።

እንግዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም።

«ጥንስሱን ብርድ መትቶት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ሁልጊዜ ብርድ! ጠላ ምን ጥበብ አለው? ውሃና ገብስ! እኔ ብጠምቀው ከዚህ ይሻላል።»

«እንግዲያው ጥመቀው» አለች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሲሬ፣ ወደ ወንድሞቿ ሄደች። እኔም አልተከተልኳትም። ትመለሳለች ብዬ ነበር።

ኅዳር ሲገባ የግራዝማች ወኪል በበቅሎ መጣ። ከበቅሎው እንኳ አልወረደም።

«ደምሴ፣ ግራዝማች መሬቱን በትራክተር ሊያርሱት ነው። ከዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ ትራክተሩ እዚህ ማሳ ውስጥ ይገባል። ሰብልህን ከዚያ በፊት አንሣ።»

«ገብሱ እኮ አልደረሰም! የሚደርሰው በዚያው ሳምንት ነው።»

«እሱን ለትራክተሩ ንገረው» ብሎ በቅሎውን አዞረ።

መሬቱ እንደሄደ ገባኝ። የቀረኝ የዓመቱ ገብስ ብቻ ነው፤ እሱ ከተነሣ እስከ ክረምት በልቼ ሌላ አገር እፈልጋለሁ፤ ካልተነሣ ለማኝ ነኝ። ብቻዬን ባጭድ ወር አይበቃኝም። አርባ ሰው ከወጣ ግን በአንድ ቀን ይታጨዳል፣ እንዲወቃም ሁሴን ግቢ ይጋዛል። ሁሴን ከጅረቱ ማዶ የራሱ መሬት ያለው ጎረቤቴና ወዳጄ ነው። ከዚያ ሰኞ በፊት ላለው ሐሙስ ደቦ ጠራሁ። ደቦ ደግሞ ያለ ጠላ አይጠራም። ሰው የሚመጣልህ ለምግቡና ለመጠጡ አይደለም፤ ግን አፉ ደርቆ ከዋለ ሁለተኛ ደጅህን አይረግጥም፣ ቀኑንም ሙሉ በዘፈን ይሰድብሃል።

እንግዲህ ያ «ጥመቀው» የተባልኩት ቀን ደረሰ ማለት ነው።

ከጎረቤት አደ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ ጠላቸው እስከ አሰላ የተመሰከረለት። «ልጄ፣ እኔ ልጥመቅልህ፤ አንተ እንጨትና ውሃ ብቻ አቅርብልኝ» ብለው መጡ።

«ይተዉት አደ ጫልቱ፤ እችለዋለሁ» አልኳቸው። ሁለት ወር ሙሉ «ውሃና ገብስ» እያልኩ በየዝክሩ ሳወራ ከርሜ ሴት ልለምን? አሰላ ገበያ የተዘጋጀ ብቅል ሞልቷል፤ ግን ብቅል ሻጮቹ ሴቶች ናቸው፣ የእኔንና የእልፍነሽን ነገር ያልሰማች የለችም። ብቅል ሲገዛ ታየ ከምባል ብሞት ይሻለኝ ነበር። ሞቱ የሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

ከጉድጓድ የአምናውን ገብስ አውጥቼ ዘፈዘፍኩ፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ድንጋይ ጫንኩበት። በአራተኛው ቀን ስገልጠው ሸተተኝ። አንድ ፍሬ አልበቀለም። አደ ጫልቱ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው፣

«የጉድጓድ እህል በሙቀቱ ይሞታል፤ ለንፍሮ እንጂ ለብቅል አይሆንም። እልፍነሽ አልነገረችህም?» አሉ።

እልፍነሽን ጠይቄያት አላውቅም።

ከማሳው ቀድሞ የደረሰውን ዳር ዳሩን አጭጄ እሱን ዘፈዘፍኩ። እሱም እንቢ አለ። «አዲስ እህል ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ወር ሁለት ወር ሳይቆይ አይነቃም» አሉኝ አሁንም ከአጥራቸው። እንዲህ እያልኩ ስምንት ቀን አቃጠልኩ። አሥራ ምናምን ቀን ቀረኝ።

ያኔ ነው ማድጋው ትዝ ያለኝ።

በሰኔ ዘር የሚያከፋፍሉ ሰዎች መጥተው ነበር። ምርጥ የገብስ ዘር ለየሰዉ ግማሽ ኩንታል ሰጡን። ዘሩ ቀይ ነው፤ እንደ በርበሬ ውሃ የመሰለ ቀለም ተነክሯል። አንድ ቀጭን ወጣት ጆንያ ላይ ቆሞ አስረዳን፤ ሁሴን ወደ ኦሮምኛ እያዞረ ለሌላው ያሰማል።

«ይኼ ለመዝራት ብቻ ነው። ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት ተነክሯል፤ መርዝ ነው። ብታጥቡትም አይለቅም። ዶሮ እንኳ እንዳይለቅመው አርቃችሁ አስቀምጡ።»

በጆንያው አፍ ላይ የተሰፋ ወፍራም ወረቀት ነበር፤ የራስ ቅል ሥዕልና ጽሑፍ ያለበት። እኔ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ፣ «ሰዎች፣ ግራዝማችን ፎቶ አንሥተዋቸዋል!» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ወጣቱ ፊቱ ቀላ። ከሄደ በኋላ ተሰብስበን ነገሩን ፈታነው፤ መርዝ የሚሉን እንዳንበላው ነው፤ ቀለሙም ገበያ ብናወጣው እንዲታወቅብን ነው፤ የበሬ ጆሮ በጥተው ምልክት እንደሚያደርጉት ማለት ነው። እኔ ነኝ እንዲህ ብዬ ያስረዳሁት። መንግሥት እውነት ተናግሮን አያውቅም፤ በዚያ ቀን ምን ነክቶት ይናገራል? ሁሉም «ደምሴ አይሸወድም» አሉ። ግማሹን ዘራሁ፤ ግማሹን ለክፉ ቀን ብዬ ማድጋ ውስጥ ከተትኩ። ወረቀቱንም ወፍራም ስለሆነ ለአንድ ነገር ይሆነኛል ብዬ ግድግዳ ላይ ሻጥኩት።

ያንን ዘር ነው ያወጣሁት። ጅረት ወርጄ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አንደኛው ውሃ ደም መሰለ። ሁለተኛው ፈዘዘ። በሦስተኛው ኩልል አለ። «ይኸው፤ ለቀቀ!» አልኩ ብቻዬን፤ ያንን ወጣት እንደረታሁት ሁሉ።

ጉድ እኮ ነው፣ በቀለ! በሦስተኛው ቀን ኮባውን ስገልጥ አንድም ፍሬ ሳይቀር በአንድ ልክ ነጭ ጢም አውጥቷል። አደ ጫልቱን ጠርቼ አሳየኋቸው። ሊያደንቁኝ ነበር የጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካኩት።

«እንዲህ እኩል የበቀለ ብቅል አይቼ አላውቅም። ደግሞ ለምን ቀላ አለብኝ?»

«የአፈሩ ነው።»

«የምን አፈር?»

«የእኔ አፈር!» አልኳቸው። ሄዱ።

ብቅሉን ፀሐይ ላይ አድርቄ ሳሸው የረገፈውን ሥርና ስብርባሪ ለዶሮዎቼ በተንኩላቸው። በማግስቱ ሦስት ዶሮዎች በረት ሥር ተገልብጠው አገኘሁ፤ እግራቸው ተወጥሮ። ፈንግል ነው አልኩ። በዚያ ወቅት የዶሮ በሽታ ይገባል፤ ማንም ሰው ፈንግል ነው ይል ነበር። እኔ ግን ዶሮዎቹን አርቄ ስጥል ያ ወጣት «ዶሮ እንኳ» ያለው በጆሮዬ ሽው አለ። ወዲያው አባረርኩት።

ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጠንኩ። ጌሾውን ወቅጬ ጥንስሱን ጣልኩ። እልፍነሽ ብርድ ያበላሸዋል ያለችው ትዝ ስላለኝ ጋኑን በጭድ ከብቤ ምድጃ አጠገብ አኖርኩት፤ ሳላምንባት የታዘዝኳት በዚች ብቻ ነው። አሻሮውን ቆልቼ አስፈጭቼ እንኩሮ አድርጌ ጨመርኩ። ድፍድፉ ፈላ። ጋኑን የምከድንበት ሳጣ ያንን ወፍራም ወረቀት ከግድግዳ ነቅዬ አፉ ላይ አደረግሁትና ዙሪያውን በጭቃ መረግሁት። የራስ ቅሉ ወደ ላይ ያየኛል። እያንዳንዱን ሌሊት ከእሱ ጋር አደርኩ።

ረቡዕ ማታ ከፍቼ አንድ ጣሳ ጠጣሁ። ጥሩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከእልፍነሽ ጠላ ይበልጥ ነበር። ምላሴን ደንዘዝ ሲያደርገኝ ጌሾው በርትቷል አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ስነሣ የግራ ዓይኔ ቆብ ይንቀጠቀጣል፣ እጄም ማጥለያውን ስይዝ አልታዘዝ ይለኛል። እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ። ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ።

ጠላውን በአራት እንስራ ቀድቼ አተላውን ለላሜ ገፋሁላት። አንዲት ላም ነበረችኝ። ጥርግ አድርጋ በላች።

ሰዎቹ ፀሐይ ሳትወጣ መጡ። እንስራዎቹን ጎረምሶች ተሸክመው ማሳው ዳር ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ደረደሯቸው። አንደኛውን የተሸከመው ሽፈራው ነው፤ የደቦው ዘፈን አውጪ፣ ሚስቱ ባለፈው ወር የወለደችለት። ገና ማጭዱን ሳያነሣ በእኔ ጀመረ።

«ጠላውን ጠመቀ ጢሙን እየፈተለ፣
ሚስቱን ሲሬ ሰዶ ጋን ሥር እየዋለ።»

አርባው ሰው ተቀበለው። እኔም ሳቅኩ፤ ቂሙን ለማታ አስቀምጬ። ገብሱ ይወድቃል፣ ነዶው ይታሰራል። እንደዚያ የፈጠነ አጨዳ አይቼ አላውቅም። ከሰኞ የምቀድም መሰለኝ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሰው ተጠማ። ቀጂ ያደረግነው ሁሴንን ነው። እሱ ሙስሊም ነው፣ ጠላ አይቀምስም፤ ለዚህም ነው የመረጡት።

«ጠላ የማይጠጣ ቀጂ በረከት ነው» አለ አንዱ።

«ልቀዳስ እቀዳለሁ» አለ ሁሴን፤ «ግን ባለቤቱ ይቅመስ። እኔ ልቀምስላችሁ አልችልም።»

በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። ሳይቀመስ የተሰጠ መጠጥ ማንም አይቀበልም። ድሮ ሰው በመጠጥ ሲመረዝ የመጣ ነው ይላሉ፤ በእኛ ጊዜ ግን ትርጉሙ ተረስቶ ወግ ብቻ ሆኖ ነበር። እኔም ማጭዴን ጥዬ ወደ ኮሶው መራመድ ስጀምር ከቤቴ በኩል ጩኸት ሰማሁ። አደ ጫልቱ ናቸው፤ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ።

«ደምሴ! ላምህ! ላምህ!»

«ቀምሼ እመጣለሁ» ልል ነበር። ላም ግን ላም ነው፤ ወደ ቤት ሮጥኩ። «ቆዩኝ!» አልኩ ለሁሴን። ያቺ «ቆዩኝ» ማንን እንዳተረፈች እግዜር ያውቃል።

ላሚቱ በጎኗ ወድቃለች። አራት እግሯ መሬቱን ይደበድባል፤ አፏ አረፋ ደፍቋል፤ ዓይኗ ተገልብጧል። አደ ጫልቱ ደርሰው አጠገቤ ቆሙ፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

«ምን አበላሃት?»

«አተላ።»

«የየትኛውን? የቀዩን?»

የተዘረጋውን እጄን አየሁት። እንደ ላሚቱ እግር ይንቀጠቀጣል፤ በትንሹ፣ ግን በዚያው ዓይነት። ዶሮዎቹ፣ ምላሴ፣ ዓይኔ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥተው ፊቴ ቆሙ። «ብታጥቡትም አይለቅም።»

እዚህ ላይ የምጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ወዲያው አልሮጥኩም። ቆሜ አሰብኩ። እኔ አንድ ጣሳ ጠጥቼ ይኸው ቆሜያለሁ። ጠንካራ ሰዎች ናቸው፣ ምናልባት ትንሽ ያማቸው ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ገብሱ ይነሣል። ጠላው ከተደፋ ግን ደቦው ይበተናል፤ ሰኞ ትራክተሩ ይገባል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፤ ላሚቱ ሦስት ጊዜ ያቃሰተችበትን ያህል ነው።

አደ ጫልቱ ናቸው የቀሰቀሱኝ። «አንተ ሰው! እነዚያ ልጆች እኮ ተጠምተዋል!»

ከዚያ ሮጥኩ።

ስደርስ ሰዎቹ ኮሶው ሥር ከብበው ተቀምጠዋል። ጣሳዎቹ ተቀድተው በየእጃቸው ናቸው። ሁሴን እንስራው ፊት ቆሞ ይከራከራል፤ «ባለቤቱ ሳይቀምስ አይጠጣም ብያለሁ!» ይላል። ሲያዩኝ ጮኹ።

«ና እንጂ! ጉሮሯችን ተሰነጠቀ!»

ሁሴን ጣሳ ዘረጋልኝ። «ቅመስላቸውና ገላግለኝ።»

ጣሳውን ያዝኩ። ጠላው በእጄ መንቀጥቀጥ ጫፍ ጫፉን ይፈስሳል። አርባ ሰው አፌን ያየኛል። እውነቱን ከመናገር ውሸት ይቀላል ብዬ፣

«ኮምጥጧል። ተበላሽቷል፤ አትጠጡት» አልኩ።

ሳቅ ሆነ።

«የበግ ሽንት ሆነ በለና!» አለ አንዱ።

«እልፍነሽ ትሙት፣ ዛሬ እንደሆነ ኮምጣጣም እንጠጣለን!» ብሎ ሌላው ጣሳውን አነሣ።

«አስቀምጠው!»

«ስስት ነው! ገብሱ ሊያልቅ ሲል ጠላ ኮመጠጠ!»

ጣሳው ከንፈሩ ደረሰ። በእግሬ መታሁት፤ ጣሳውንም እጁንም። ሰውየው ማጭዱን ይዞ ተነሣ። ከኋላው ሌሎችም ተነሡ። እኔ ዞሬ የመጀመሪያውን እንስራ ገፋሁት፤ ተንከባሎ ድንጋይ ላይ ፈነዳ። ሁለተኛውን ስይዝ ከኋላዬ አንገቴን ያዙኝ።

«አብዷል! ያዙት!»

«መርዝ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «የቀዩ ዘር ነው! ብቅሉን ከቀዩ ዘር ነው ያበቀልኩት! ላሚቱ ሞታለች!»

አንገቴን የያዘኝ እጅ ላላ። ሁሴን ያ ወጣት የተናገረውን በራሱ አፍ ያዞረ ሰው ነው፤ ለመረዳት ሁለተኛ አልጠየቀም።

«ሂንዱጊና! አትጠጡ! ድፉት!» እያለ ከየሰዉ እጅ መንጠቅ ጀመረ። ጣሳዎች መሬት ላይ ተንኳኩ። ጠላው አፈር ውስጥ ሲሰርግ ይሰማ ነበር።

ከሰዎቹ መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ጋሽ ደምሴ... እኔ ጠጥቻለሁ።»

ሽፈራው ነው። ጠዋት እንስራውን ሲሸከም፣ ዘፈኑ ድምፅ ይጠይቃል ብሎ ተደብቆ ሁለት ጣሳ ገልብጧል። ሊስቅ ሞከረ። አፉ ግን ወደ አንድ ጎን ሄደ። ከዚያ መሬት ላይ ወደቀ።

ገብሱን ማንም አላየውም። ከነዶ ማሰሪያ ገመድና ከሁለት እንጨት ቃሬዛ ሠሩ። አራት አራት እየሆኑ፣ እየተፈራረቁ፣ ወደ አሰላ ሩጫ ሆነ። እኔ ልሸከም ስጠጋ አንዱ በክርኑ ገፋኝ። «አንተ እዚያው!» ከኋላ ሮጥኩ። ሽፈራው በየመንገዱ ይንዘፈዘፋል፣ ደግሞ ይረጋል። ሲረጋ የበለጠ እፈራለሁ። የሚሰማው የአርባ ሰው እግርና ትንፋሽ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰው የእኔን ገብስ ሊሸከም ነበር የመጣው።

ሆስፒታል ስንደርስ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው፣ «ምን ጠጣ?» አለ።

«ጠላ» አልኩ።

«ጠላ እንዲህ አያደርግም። ምን አለበት?»

«መድኃኒት ያለው ዘር።»

«የምን መድኃኒት? ስሙን ንገረኝ! የዘር መድኃኒት ብዙ ዓይነት ነው፤ ማርከሻውን ያለቦታው ብሰጠው እገድለዋለሁ። ከጆንያው ላይ ጽሑፍ አልነበረውም?»

ነበረው። ጋኑን ከድኜበት ነበር። ሌሊት ሌሊት ፊት ለፊቴ ተኝቶ ነበር።

«ጋኑ ሥር ጥዬዋለሁ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል» አልኩ። ሁሴን ቀሪውን አልሰማም፤ ከደጅ የቆመ የማን እንደሆነ የማያውቀውን ፈረስ ፈትቶ ጋለበ። ባለፈረሱ ሲጮህ ሰዎቹ ያዙት።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ከውስጥ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፤ ብረቱ ግድግዳውን ይመታል። ልክ ዘፈኑን ሲያወጣ ማጭዱን በድንጋይ እንደሚመታው ነው። የሽፈራው ሚስት ጨቅላዋን አዝላ ደረሰች። ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ አውቃለሁ፣ መልስ አለኝ። ያን ቀን ግን መልስ አለቀብኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሴን ገባ። ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ይዞታል፤ ግማሹ ጭቃ ነው፣ ጠርዙ በድፍድፍ ርሷል። ነጭ ለባሹ በጥፍሩ ጭቃውን ፋቅ ፋቅ አደረገ፤ አነበበ፤ ሮጠ። ሌላ አልጠየቀንም። ጥቂት ቆይቶ ብረቱ ግድግዳውን መምታት አቆመ። ሚስቱ ብድግ አለች። ብረቱ የቆመው ሽፈራው ድኖ ይሁን ሞቶ አላወቅንም።

በሩ ተከፈተ። «ተኝቷል» አለ ሰውየው። «ይተርፋል።»

ሴትዮዋ አለቀሰች። እኔም ግድግዳው ላይ ዞሬ አለቀስኩ፤ ከአባቴ ሞት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሽፈራው ተረፈ። ዘፈን ግን ድሮ እንደሚያወጣው አላወጣም፤ አፉ በአንድ በኩል ትንሽ ዘንበል እንዳለ ቀረ። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ጠላው ግን ይጣፍጥ ነበር» አለኝ። ይህ ምሕረት ይሁን እርግማን ዛሬም አልገባኝም።

ዓርብ ጠዋት ማሳዬ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ከደቦው ሰው አንድ አልመጣም፤ አልፈርድባቸውም። ጥቂት ቆይቶ ሁሴን ከጁምዓ ሶላት በፊት ጥቂት ላግዝህ ብሎ ማጭዱን ይዞ መጣ። ሁለታችን እስከ እሑድ ያነሣነው ከሰብሉ ሲሶውን አይሆንም። ሰኞ ትራክተሩ መጣ፤ ያልተጋዘውን ነዶና የቆመውን ገብስ ከነዛላው ገልብጦ ቀበረው። ያረሰው ልጅ አንዴም ወደ እኔ አላየም።

በዚያው ሳምንት እልፍነሽ መጣች። ወሬው ሲሬ ደርሷል። ቤት አልገባችም፤ ደጅ ቆማ፣

«የት ነው የደፋኸው?» አለች።

ኮሶው ሥር ወስጄ አሳየኋት። ከብት እንዳይነካው አፈር አልብሳ፣ በላዩ እሾህ ከመረችበት። እኔም አገዝኳት። ስትጨርስ እጇን አራገፈች።

«የእኔን ያለ ጥፋቱ ደፋኸው። የራስህን በሰዓቱ ደፋኸው። አንዱን ተምረሃል» ብላ በመጣችበት ተመለሰች።

በተከታዩ ዓመት ንጉሡ ወረዱ፤ ከዚያም መሬት ላራሹ ተባለ። የመሠረተ ትምህርት ሲመጣ እኔ አርባ አልፌ ነበር፤ ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሀ ሁ አልኩ። ሁሴን ከሆስፒታሉ መልሶ የወሰደውን ወረቀት ሰጥቶኝ ስለነበር ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። ጭቃው ካልበላው ጽሑፍ የቀረው ይህ ነው፦ ለዘር ብቻ። መርዝ ነው። ቢታጠብም አይለቅም። ከዶሮ እንኳ አርቁ።

ያ ቀጭን ወጣት አንድ ቃል አልጨመረም፤ አንድ ቃል አልቀነሰም።

እናንተ የምታነቡ፣ «ፊደል ባለማወቁ ነው» እንዳትሉልኝ። ይህን ምክንያት ብዙ ሰው በደግነት ሰጥቶኛል፤ አልቀበልም። ያልቻልኩት ማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተነገረኝን እሰማ ነበር። ሚስቴ ስለ ብርድ ስትነግረኝ፣ አደ ጫልቱ ስለ ብቅል ሲነግሩኝ፣ ወጣቱ ስለ ዘሩ ሲነግረኝ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ የሚዋሸን መንግሥት እውነት የሚናገርበት ቀን እንዳለ አላውቅም ነበር። የማይሸወድ ሰው ነኝ ብዬ ራሴን የሸወድኩት እኔ ነኝ። ደግሞ አንድ ነገር፤ የዛሬ ልጆች ቀጂው በመዳፉ ሲቀምስ አይተው ይስቃሉ፣ የድሮ ሰው ወግ ነው ይላሉ። ሳቁ፤ ግን አስቀምሱ። አርባ ሰው ያተረፉት ያ ወግና የማይጠጣው ሁሴን ናቸው።

ማንበብ በቻልኩበት ዓመት ሲሬ ወረድኩ። እልፍነሽ ከወንድሞቿ ቤት አጠገብ የራሷን ጎጆ ሠርታ ተቀምጣለች። ሽበት ወጥቶባታል። ለምን መጣህ አላለችኝም፤ እኔም ያሰብኩትን ንግግር ሁሉ በር ላይ ረሳሁት። መደብ ላይ አስቀመጠችኝና ጠላ ቀዳች። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች ጣሳውን ሰጠችኝ።

ኮምጣጣ ነበር። እስከ አተላው ጠጣሁት።